የባለጢሙ አፍ ልክ

የምልከውን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት እዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፤ የሚመጣልኝን እለጥፋለሁ። ሃያ ዓመት የጌጥ ዓሣ ስሸጥ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ያለ ግልባጭ የሚሠራ ሰው መጨረሻው ክርክር መሆኑን ነው። ከአባቴ ጋር የምከራከርበት ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ልማድ ነው። አባቴ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከእኔ የአንድ ቀን ተኩል የአውቶቡስ መንገድ ርቀው፣ ባደግኩበት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ስልክ አይወዱም፤ «በስልክ የተባለ ነገር ምስክር የለውም» ይላሉ። ብቻቸውን ስል ከባለጢሙ ጋር ማለቴ ነው።

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። መልሴ የዘገየው አንድ ትልቅ ገንዳ ስፌቱ ለቆ ሲያንጠባጥብብኝ ስለሰነበተ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። በገንዳው መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት የሚታይዎት፣ ውሃውም ጭጋግ የለበሰ የሚመስልዎት፣ ከባለጢሙ ምግብ የሚወጣው ቅባት ነው። መስታወቱ ላይ ይለጠፍና መብራት ሲያርፍበት ቀለም ያወጣል። የውሃውን ሲሶ ይቀይሩ፣ ማጣሪያውን ይጠቡ፣ መስታወቱን በጋዜጣ ይወልውሉ። በሳምንት ይጠፋል። እኔ እኮ ገንዳውን ሳላይ በደብዳቤ ብቻ ሕመሙን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ደንበኞቼን ይጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ባለጢሙ ብቸኝነት ተሰምቶታል ስላሉኝ ነው። አባባ፣ ይህ ዓሣ አምባዛ ነው። ጭራው ቢቀላ፣ ጢሙ እንደ ሹም ጢም ቢንዠረገግ፣ አምባዛ አምባዛ ነው። እናቴ ባረፈች ጊዜ በጣት ልክ ሆኖ ስልክልዎ «ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው» ያልኩትን ውሸት እስካሁን ይቅር ብለውኛል መሰለኝ። እኛ ነጋዴዎች ለሁሉም የምንለው ነው። ይኸው በስድስት ዓመት ግድግዳ አስፈርሶ ሳሎንዎን ወሰደ።

በእኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ በአፉ የሚገባ ነገር ጓደኛ አይባልም፣ ምሳ ይባላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው አዳኝ ጓደኛ ሲመረጥ ከጠባይ በፊት ወርድ ይታያል። ረጅምና ቀጭን አይሆንም፤ አጥፎ ይውጠዋል። ትንሽና ፈጣንም አይሆንም፤ ፈጣንም ቢሆን አንድ ቀን ይተኛል። የሚሻለው ሰፊ፣ ጠፍጣፋና በመንጋ የሚሄድ ነው። «ሳንቲም» የምንላቸው አሉኝ፤ ክብ፣ ብርማ፣ ያደጉት መዳፍ የሚያህሉ። ስድስቱን መርጬ በወርቅ ጥርሱ የአውቶቡስ ሾፌር እልክልዎታለሁ። ከማስገባትዎ በፊት ባለጢሙን እስኪጠግብ ያብሉት፤ ድንጋዮቹንም ቦታ ያቀያይሩ። ቤቱ እንግዳ ሲሆንበት የእኔ ነው ብሎ መቆጣቱን ለጥቂት ቀን ይረሳዋል።

መቼ ትመጪያለሽ ላሉኝ፣ ሱቁን ለማን ጥዬ ልምጣ? አንድ ማሞቂያ ቢቋረጥ ስመለስ የማገኘው ሬሳ ነው። ብርዱ ይለፍና እናያለን።

ልጅዎ

ኅዳር 2

ለልጄ ለነጋዴዋ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሳንቲሞችሽ ደርሰዋል። ወርቅ ጥርሱ ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣና «አባት፣ ዛሬ ከተሳፋሪዎቼ ሁሉ ያልተነጫነጩት እነዚህ ብቻ ናቸው» አለኝ። ባለጢሙን አብልቼ፣ ድንጋዩን አዛውሬ ከተትኳቸው። ሲዞሩ ብር የበተኑበት ውሃ ይመስላል።

ውሃውን ቀየርኩ፣ መስታወቱንም ወለወልኩ። ቀለበቱ አልጠፋም። እንዲያውም ማታ በር ላይ ቆሜ የመንገዱ መብራት ዙሪያም አየሁት። መንገዱንም በጋዜጣ ልወልውለው እንዴ?

ሱቄን ዘጋሁት። አትደንግጪ። ሰው ዛሬ የሚያስረው የባትሪ ሰዓት ነው፤ ሲቆም ይጥለዋል። የሚሞላ ሰዓት ይዞልኝ የሚመጣ በወር አንድ ቢገኝ ነው። የፊት ክፍሉን ለአንዲት ልብስ ሰፊ አከራየሁት። መኪናዋ ሲንኳኳ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል፤ ስታወራ ደግሞ ሰው የበዛበት።

ሳንቲሞቹ አሁን አራት ናቸው፣ ወይም አምስት። አይቆሙም እኮ፤ እንዴት ይቆጠራሉ?

ስለ መምጣቱ አትጨነቂ። ሥራሽን ሥሪ።

አባትሽ

ኅዳር 20

ለተከበሩ አባቴ፣

«አራት ወይም አምስት» ማለት ምን ማለት ነው? አርባ ዓመት እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በመቆንጠጫ ሲይዙ የኖሩ ሰው መዳፍ የሚያህል ዓሣ መቁጠር እንዴት ያቅትዎታል? ምግብ ሲጥሉ ሁሉም ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ይቁጠሩ። ባለጢሙ ሁለት ቀን ምግብ ካልነካ የጎደለውን ከእሱ ሆድ ይፈልጉ።

የመንገዱን መብራት ቀልድ ለደንበኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው፤ አንዱ የብሩን መልስ ረስቶ እስኪወጣ ድረስ ሳቀ። ለማንኛውም አዲስ አምፖል ልኬያለሁ። ነጭ ብርሃን ነው፣ ቀለም አያወጣም።

ስለ ሱቁ ደግ አድርገዋል። ገበያው ሳይገፋው በጊዜ የሚዘጋ ነው ነጋዴ።

አንድ ነገር፤ ጽሕፈትዎ መስመሩን እየሳተ ነው። ሦስተኛው መስመር ሁለተኛው ላይ ወጥቶበት ለማንበብ ተቸገርኩ። ምን አስቸኮለዎት? ጡረታ የወጣ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

ልጅዎ

*በዚያው ቀን የጻፍኩት ማስታወሻ፦ አባባ ስለ ጤናቸው አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉት፤ ደህና ነኝ። አመመኝ ብሎ የማይናገር ሰው አልታመመም። አንድ የተሰነጠቀ ገንዳ ወደ ፋብሪካው መለስኩ።*

የካቲት 3

ለተከበሩ አባቴ፣

እጅዎ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደብዳቤዎ «ባለጢሙ እጄን እስከ አንጓው ዋጠው» የሚለውን ሳነብ ልሳቅ ወይስ ልደንግጥ ብዬ ቆየሁ። ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቆዳ ይልጣል እንጂ አይቆርጥም። በሞቀ የጨው ውሃ ይጠቡት። ግን እጅዎ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? ረጅም መቆንጠጫ ልኬልዎት ነበር። «በእጄ ካላጎረስኩት የት እንዳለ አላውቅም» ያሉኝ አልገባኝም። ያን የሚያህል ዓሣ ሳሎን ውስጥ እንዴት ይጠፋል?

ሳንቲሞቹ ማለቃቸው አሳዘነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚህ የሰፉትን መላክ ነበረብኝ።

ድምፁ የሚሰማ ዓሣ አለ ወይ ላሉት፣ አለ። አንጎራጓሪ እንለዋለን። እሱም የአምባዛ ዘመድ ነው፤ የጎን ክንፉን ሲያንቀሳቅስ ክክክ እያለ ያጉረመርማል፣ ከመስታወቱ ውጪም ይሰማል። ለእርስዎ ግን አልሸጥልዎትም። ጎኑና ጀርባው ላይ እሾህ አለው፤ ሲደነግጥ ይዘረጋና ይቆልፈዋል። ባለጢሙ ደግሞ አፉ ይግባለት እንጂ ስለ እሾህ አይጨነቅም። ይውጠዋል፤ እሾሁ ጉሮሮው ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥም ወደ ውጪም የለም። ሁለቱም ይሞታሉ። አንድ የጥርስ ሐኪም ደንበኛዬ እንዲህ አድርጎ አጥቷል። ከሰው አፍ ስንቱን ነቅሎ የሚያወጣ ሰው ከዓሣው አፍ ማውጣት አቃተው።

ባለጢሙን ብቻውን ይተዉት። ብቸኝነት ለእሱ ቅጣት አይደለም። ብቸኝነቱ የእርስዎ ከሆነ ግን ወደ እኔ ይምጡ። ከሱቁ በላይ ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ ደረጃው አሥራ ስምንት ብቻ ነው። ባለጢሙን ትልቅ ኩሬ ላለው ሰው አስማማልዎታለሁ።

ልጅዎ

መጋቢት 1

ለነጋዴዋ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን የምትጽፍልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እጄ ገና ነው። ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል፤ ስፌቷ ግን ጠማማ ነው። (ይህን ጻፊ ስላሉኝ ጻፍኩ። ትናንት የሰፋሁትን ሱሪ በአውራ ጣታቸው ዳሰው «እዚህ ጋ ዘመመ» አሉኝ። እውነትም ዘሞ ነበር። ሰፊዋ።)

ለግብዣሽ አመሰግናለሁ፣ አልመጣም። አሥራ ስምንት ደረጃ ለማያውቀው ሰው አሥራ ስምንት ጉድጓድ ነው። እዚህ ከአልጋዬ እስከ ገንዳው አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ከገንዳው እስከ በሩ ስድስት። ሌላ ቤት ሄጄ እንደገና ቁጥር ልማር?

ባለጢሙን አታስማሚልኝ። ለእኔና ለእሱ ሌላ ቤት የለም። ግን ዝምተኛ ነው፣ ልጄ። ዝም ያለ ነገር መኖሩን በምን ታውቂያለሽ? አንቺ በሚያስፈልገው ልክ መርጠሽ አንጎራጓሪውን ላኪልኝ። አንቺን አሳድጌ የለመንኩሽ ነገር አለ? ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም።

አባትሽ

መጋቢት 19

ለተከበሩ አባቴ፣

ልመናዎ አሸነፈኝ። እርምጃ መቁጠር መጀመርዎ የሰዓት ናፍቆት ይመስለኛል፤ ምት ያልቆጠሩበት ቀን ስለሌለ ነው።

ግን በሕግ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው አንድ ትልቅ አንጎራጓሪ አለኝ፤ እሾሁን ሲዘረጋ ወርዱ ስድስት ጣት ይሆናል። የባለጢሙ አፍ ከአምስት ጣት ካልበለጠ፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ከበለጠ አልልክም፤ ቢያለቅሱም አልልክም። ስለዚህ ይለኩልኝ። ምግቡ ሲቀርብ ያዛጋል፤ ያን ጊዜ ጣቶችዎን ከመስታወቱ ውጪ ደርድረው ይያዙ። ሦስት ቀን ለክተው ትልቁን ይንገሩኝ።

ልብስ ሰፊዋ እንዳትለካ። እንዳትቀየመኝ እንጂ፣ ልብስ ሰፊ ሁለት ጣት ትርፍ መተው ልማዷ ነው። ሰዓት ሠሪ ግን በፀጉር አይስትም። የእርስዎን ዓይን ነው የማምነው።

ልጅዎ

ሚያዝያ 8

ለልጄ፣

አራት ጣት ነው። ሦስት ቀን ለካሁ፤ ሦስቱንም ቀን አራት። አትጠራጠሪ።

አባትሽ

(እኔ እንዳልለካ ስለተባለ ከክፍሉ አስወጥተውኛል። ትርፍ የምተወው ሰው እንዲመቸው ብዬ ነው። ሰፊዋ።)

ሚያዝያ 24

ለተከበሩ አባቴ፣

አንጎራጓሪው ነገ ይነሣል። ላስቲክ ስለሚበሳ ክዳን ባለው ባልዲ አድርጌዋለሁ፤ ወርቅ ጥርሱ ከወንበሩ ሥር ያስቀምጥልኛል። ሲደርስ ባልዲው ውስጥ ከገንዳው ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩለት፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። በእጅዎ አይያዙት። በመረብም አይያዙት፤ እሾሁ ይጠላለፋል። ባልዲውን አዘንብለው ይልቀቁት። ባለጢሙን በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ያብሉት።

ስለ አራቱ ጣት አመሰግናለሁ። አሁን ልቤ አርፏል።

ልጅዎ

*በዚያው ቀን የጻፍኩት ማስታወሻ፦ አራት ጣት ለዚህ ዕድሜው ትንሽ ነው። ካቻምና ስሄድ ከአባባ ጋር ለክተነው ያኔም አራት ነበር። ገንዳው እድገቱን ይዞበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሰዓት ሠሪ አይስትም።*

ግንቦት 12

ለልጄ ለነጋዴዋ፣

እጅሽ ይባረክ። ወርቅ ጥርሱ ባልዲውን ሲያስረክበኝ «ይኼኛው መንገዱን ሙሉ ሰደበኝ» አለኝ። ቤት ገብቶ ግን ሁለት ቀን ዝም አለ፤ ስድቡን ጨርሶ ነው የመጣው ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሬን ወደ መስታወቱ ሳስጠጋ ጀመረ። ክክክ… ክክክ። እናትሽ ቁልፍ ሲጠፋባት መሳቢያውን ሁሉ እየከፈተች ስታጉረመርም ትዝ ይልሻል? ልክ እሱን ነው። አሁን ከግራ ነው፣ አሁን ከቧንቧው ሥር ነው፤ ተቀምጬ አውቀዋለሁ። ባለጢሙም በአጠገቡ ሲያልፍ ውሃው መስታወቱን ገፋ ያደርገዋል፤ መዳፌ ላይ ይሰማኛል።

ቤት ውስጥ ሦስት ሆነናል። ልብስ ሰፊዋ «እኔስ ልብስ መስቀያ ነኝ?» ትላለች። እሺ፣ አራት።

አንቺ ግን ምን ትበያለሽ? ማን አለ ከአንቺ ጋር? ከሰዓት በኋላ የት ትቀመጫለሽ? እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ መልስሽ የዓሣ ብቻ አይሁን።

አባትሽ

*ግንቦት 29 የጻፍኩት ማስታወሻ፦ ለአባባ መልስ አልጻፍኩም። ከዓሣ ሌላ ምን እንደምጽፍላቸው ሳስብ ሁለት ሳምንት አለፈ።*

ሰኔ 4

ለአባት ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በራሴ ነው፣ እሳቸው አላዘዙኝም። ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ስፌት ላይ ሳለሁ አባት ጠሩኝ። «ዛሬ ዝም ብሏል፤ ባለጢሙም እጄ ላይ አልመጣም። እስቲ እዪልኝ» አሉ። አየሁ። ባለጢሙ በጎኑ ተኝቶ አፉ ተከፍቷል፤ የአንጎራጓሪው ጭራ ከአፉ ወጥቷል። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ምን ታያለሽ አሉኝ። ተኝተዋል አልኳቸው። «ሁለቱም?» አሉ። ሁለቱም አልኩ። ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና «ስንት ጣት ነው አፉ? አሁን ለኪው» አሉኝ። በስፌት ሜትሬ ለካሁት። ሰባት ጣት ነው። ትርፍ አልተውኩም።

አባት አያዩም። እርስዎ ከእኔ እንዳይሰሙ አስምለውኝ ነበር፤ መሐላዬን አፍርሻለሁ። መጀመሪያ የጎን እይታቸው ጠፋ፤ በር ላይ ሰው ሲቆም ዞረው ካልፈለጉት አያገኙትም ነበር። ሱቁን የዘጉት ሰው ሰዓት ስላጣ አይደለም፤ የአንድ ሴትዮ ሰዓት ፈትተው መግጠም አቅቷቸው፣ ሌላ ገዝተው መለሱላት። ከጥር ወዲህ ደግሞ ደብዳቤዎን የማነብላቸው እኔ ነኝ። «የእርስዎን ዓይን ነው የማምነው» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና ደግመሽ አንብቢው አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

ሰኞ እሺ አሰኝቼ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ በዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ነው አለ። «መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ማየት የጀመሩት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ጥቅምት አሉት። ከዚያ ለእኔ ለብቻዬ፣ ያኔ መጥተው ቢሆን የቀረውን እናተርፍላቸው ነበር አለኝ። የጠፋው አይመለስም።

ዓሣዎቹን ከጓሮ ቀበርኳቸው። ፓምፑን ላጥፋው ስላቸው ተዪው አሉኝ። ባዶ ገንዳ ውስጥ ውሃው ይንቧቧል።

ልብስ ሰፊዋ

*ሰኔ 9 የጻፍኩት ማስታወሻ፦ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥቅምት 6፦ «ከባለጢሙ ምግብ የሚወጣው ቅባት ነው።» ኅዳር 20፦ «አዲስ አምፖል ልኬያለሁ።» ሁሉም በእጄ የተጻፈ ነው፣ ግልባጩ አለኝ። የመንገዱን መብራት ቀልድ ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላስታውስም። ሚያዝያ 24፦ «ገንዳው እድገቱን ይዞበት ይሆናል።» ለሃያ ዓመት ለሰው የሸጥኩትን ውሸት ያን ቀን ለራሴ ሸጥኩት።*

*ዛሬ ለአባባ የላክሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። አልገለበጥኩትም።*

ሰኔ 21

ለልጄ፣

ለምን አራት አሉኝ ብለሽ ለጠየቅሽኝ እንዲህ ነው።

ሦስት ቀን መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ጣቶቼንም እንዳልሽው ደረደርኩ። ሲያዛጋ ውሃው ይሰማኛል፤ አፉ ግን ለእኔ ጥቁር ነገር ነው፣ ጠርዝ የለውም። ሰፊዋን ጠርቼ ማስለካት እችል ነበር። አንቺ ግን የአባትሽን ዓይን እንጂ የእሷን እንደማታምኚ ጽፈሽ ነበር። አየሽ፣ በሕይወቴ ሰው የሚያምንልኝ ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ለአንቺ ደግሞ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ካቻምና የመጣሽ ጊዜ፣ አንቺ ከዚያ ወገን እኔ ከዚህ ወገን ሆነን አብረን ለካነው። መስታወቱ ውስጥ ባንቺ ጣትና በእኔ ጣት መሃል ሲያዛጋ ሁለታችንም ሳቅን። አራት ነበር። አራት ያልኩሽ እሱን ነው። አጥርቼ ያየሁት የመጨረሻ ልክ እሱ ነበር።

ባለጢሙን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ስለ ቀለበቱም አትጻፊልኝ። አንቺን ከመጠየቄ በፊት ምን እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። የጠየቅሁሽ ቅባት ነው እንድትይኝ ነው። ነጋዴ ደንበኛው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ሰጠሽኝ።

አሁን ሌላ ዓሣ አትላኪ። አባትሽን ከወደድሽ ምንም አትላኪ።

አባትሽ

ሰኔ 27

ለተከበሩ አባቴ፣

ይህን ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ እለምናታለሁ። ስለ ልኩ ስላልኩትም ይቅር ትበለኝ።

ግንቦት ላይ የጠየቁኝን አሁን ልመልስ። ከእኔ ጋር ማንም የለም። ከሰዓት በኋላ የምቀመጠው ከመጨረሻው ረድፍ፣ ትንንሾቹ ገንዳዎች አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ነው። ሰው ሳይገባ ሲቀር ዓሣዎቹን እያየሁ ለራሴ አወራለሁ። ምን እንደምል አላውቅም፤ አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሰምቶኝ «ማንን ነው የምትቆጪው?» ብሎኛል። የእናቴን ነው የወረስኩት መሰለኝ። ይህን ለመጻፍ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።

እርስዎ ይቅር ቢሉኝም እኔ ቀለበቱን አልረሳውም። ቅባት ነው እንድልዎ ፈልገው እንደነበር አምናለሁ፤ ግን አባባ፣ ጥሩ ነጋዴ ደንበኛው የፈለገውን ሁሉ አይሸጥም። አንጎራጓሪውን መጀመሪያ የከለከልኩዎት ለዚህ ነበር። ለዓሣው የተጠነቀቅሁትን ያህል ለእርስዎ አልተጠነቀቅሁም።

ትልልቆቹን ዓሣዎች ለጥርስ ሐኪሙ ሰጥቻለሁ። የቀሩትን የሚጠብቅልኝ አለ። ባይጠብቅም ይሙቱ። ቅዳሜ ከወርቅ ጥርሱ ጋር እነሣለሁ፤ ከወንበሩ ሥር ምንም አላስቀምጥም። ላሻሽል፣ ልሸጥ፣ ላዛውርዎ አልመጣም። የዓይንዎን ነገር ሐኪሙ እንደማይመለስ ተናግሯል፤ የማይመለስን ነገር አልከራከርም።

ፓምፑን እንዳያጠፉት። በሩን ለመክፈትም አይነሡ። ከበሩ እስከ ገንዳው ስድስት፣ ከገንዳው እስከ አልጋዎ አሥራ አንድ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ማን ነው ብለው እንዳይደነግጡ፣ ከደጅ ጀምሬ እያጉረመረምኩ እገባለሁ።

ልጅዎ